የተቃናው ዘንግ

ጀልባዋ ማዕበሉ በተነሳ በነጋታው ተገልብጣ ዳር ወጣች፤ የጀልበኛውን አስከሬን ግን ሐይቁ የመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ተነስቶ፣ የቀረው ሞተሩ ብቻ ነበር። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የብረት ዘንግ ለሁለት ተሰብሮ፣ ፕሮፔለሩ ውሃ ውስጥ ቀርቷል። ሞተር የከዳው ጀልባ ጎኑን ለማዕበል ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለመገመት መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

ፖሊሶቹ የጀልበኛውን ሸሪክ ይዘው ነበር። ሁለቱ ጀልባዋ ትሸጥ አትሸጥ ተባብለው ሕዝብ ፊት ተጣልተዋል፤ ሸሪኩም «ይቺ ጀልባ አንድ ቀን ትበላሃለች» ሲል ብዙ ጆሮ ሰምቶታል። መርማሪዋ ስታናግረው አልካደም። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ።

«እኔ ሞተር አውቃለሁ፣ እትዬ። ሰው ልግደል ብል፣ ዘንግ አጉብጬ ገና ሲነሳ እንደ ወባ በሽተኛ የሚንቀጠቀጥ ነገር አልሠራም።»

እሷም ይህንን በሆዷ ይዛ ሞተሩን ወደሚጠግነው መካኒክ ሄደች። መካኒኩ የሟች ሚስት ወንድም ነው። ዓይኑ እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል። ዘንጉ ከመሰበሩ ከሁለት ቀን በፊት ጎብጦ እንደመጣለት፣ አማቹም «ድንጋይ ነክቶት ይሆናል» እንዳለው ነገራት። ዘንጉን መስተዋት ላይ አንከባልሎ ጉብጠቱን ፈለገ፤ የብረት መያዣ ሞርሳ ውስጥ አስሮ ጥቂት በጥቂት እየተጫነ፣ እንደገና እያንከባለለ፣ ሙሉ ቀን ፈጅቶ አቃናው።

«ጎብጦ የተቃና ብረት ውስጡ ይደክማል፣ አዲሱ እስኪመጣ ዳር ዳሩን ብቻ ሂድ ብዬው ነበር» አለ። «እሺ አለኝ። እሺ ማለት ለእሱ ምኑም አልነበረም።»

የፕሮፔለሩ ክንፎች ያኔ ተላልጠው እንደሆነ ጠየቀችው። አንድም ጭረት አልነበረባቸውም። ዘንጉን ሲፈታ ያወጣውን አሮጌ ዕቃ አምጣ ብትለው ከቆርቆሮ ውስጥ ዳዶውን የምትቆልፈውን ቀጭን ሽቦ አወጣላት። ሽቦዋ ላይ ሰማያዊ ክር ተጠምጥሟል። እሱ የመረብ ክር መስሎት ነበር።

ሞተሩ ሌባ እንዳይወስደው ማታ ማታ ከጀልባው ተፈትቶ ጀልበኛው ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ይቆለፍበታል። ቁልፉ ከሚስቱ አንገት አይወርድም። ሴትዮዋ ለመርማሪዋ ጓዳውን ከፍታ አሳየቻት፤ የብረት ዘነዘና ጥግ ላይ ቆሟል። ትከሻዋ ላይ ያለው ሰማያዊ ፎጣ አንድ ጫፉ ተተርትሯል። መርማሪዋ አየችው፤ ተሰናብታት ወጣች።

በማግስቱ ሁሉንም መካኒኩ ጋራዥ ሰበሰበቻቸው። ሸሪኩን አንድ ፖሊስ እጁን አስሮ ይዞት መጣ። የተሰበረው ዘንግ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ይህ ዘንግ ድንጋይ አልነካውም» ብላ ጀመረች። «ድንጋይ ቢነካው መጀመሪያ የሚላለጡት ክንፎቹ ናቸው። ሰው ነው የመታው፤ ድምፁ እንዳይሰማም ዘነዘና በጨርቅ ጠቅልሎ፤ የጨርቁ ክር ሽቦዋ ላይ ቀርቷል። ሸሪኩ ወደ ጓዳው የሚገባበት ቁልፍ የለውም። ደግሞ ራሱ እንዳለው፣ የጎበጠ ዘንግ ገና ዳር ላይ ያስታውቃል። ሊገድል ያሰበ ሰው የሚደበቅ ጉዳት ያደርሳል። ይኼኛው እንዲታይ የተደረገ ነው። ዘንጉን የመታው ሰው ጀልባው ከዳር እንዳይነሳ ነው የፈለገው።»

ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «እህቴ፣ ስንት ቀን ያቆየዋል ብለሽ ነበር?»

ሴትዮዋ ፎጣዋን ሰብስባ እጇ ውስጥ ጨበጠች።

«ሳምንት» አለች። «ዕቃው ከከተማ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። ራዲዮው ኃይለኛ ነፋስ ይመጣል ሲል እንዳይሄድ ለመንኩት፤ ማዶ ሰው ይጠብቀኛል ብሎ ሳቀብኝ። ሳምንት ከቆየ ነፋሱ ያልፋል አልኩ።»

«ሞተሩ መሠራቱን መቼ አወቅሽ?»

«የሄደ ዕለት። ሲያስነሳው ቆሜ ሰማሁ፤ ድምፁ ጥርት ብሏል። እኔ ነኝ የመታሁት ብዬ ብነግረው ይቀር ነበር። ግን ይቆጣል፣ ተኳርፈን ልንለያይ ነው ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ።»

መርማሪዋ በሠላሳ ዓመት ሥራዋ እንዲህ ካለ ስብሰባ ባዶ እጇን ወጥታ አታውቅም። ፖሊሱ ጠጋ ብሎ ማንን እንደሚይዝ በሹክሹክታ ጠየቃት። የሸሪኩን እጅ እንዲፈታ ነገረችው። ስለ እህትና ወንድሙ ያየችውንና የሰማችውን ለዳኛ ትጽፋለች፤ ዳኛው ምን እንደሚያደርግበት ግን እሷም አታውቅም። ሸሪኩ ተፈታ፤ ግን አልሄደም። የእጁን አንጓ እያሸ ቁጭ አለ።

እህትና ወንድም ከገቡ ጀምሮ ዓይን ለዓይን አልተያዩም ነበር። አሁን ቀና ብላ አየችው።

«ለምን ሠራህለት?»

«አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?»

መርማሪዋ በሩን ቀስ ብላ ዘግታባቸው ወጣች።