የቶኩማና የሚስጥር ምስክሮች

ቶኩማ በሠርጉ ዕለት ጠዋት ሁሉቃ ወንዝ ዳር ሞቶ ተገኘ። አዲሱን ግራጫ ሱፍ ለብሷል፤ ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቷል። ያገኙት ልብስ ሊያጥቡ የወረዱ ሴቶች ናቸው። በዚያ ሰዓት ሙሽራይቱ ሚስጥርና አራቱ የጋብቻ ምስክሮች በአምቦ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሮ ተቀምጠው እሱን ይጠብቁ ነበር።

ቀትር ሳይሆን የሚስጥር ወንድም ኤልያቄም ታሰረ። የእሷ ቤተሰብ ኦርቶዶክስ፣ የቶኩማ ደግሞ ፕሮቴስታንት ነው። አንዱ ወገን በሌላው ቤተ ክርስቲያን አይሆንም ስላለ ጋብቻው በመንግሥት ቢሮ እንዲፈጸም ተወሰነ። ኤልያቄም ይህን የሰማ ቀን መናኸሪያ ውስጥ ቆሞ፣ ሰው እየሰማው፣ «ያ ልጅ በእግሩ እዚያ ቢሮ አይገባም» ብሎ ነበር።

ኢንስፔክተር ጋዲሴ ስትደርስ ሚስጥር ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች የቢሮው በረንዳ ላይ ቆማለች።

«ጀባዱ፣ አይዞሽ።»

«ወንድሜን ልቀቁልኝ።»

«ዝቷል እኮ።»

«ዝቷል። ትናንት ግን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፤ ምስክር ልሁንሽ አለኝ። ዛሬ አንዱን አጥቻለሁ። ሌላውን እናንተ አትውሰዱብኝ።»

ጋዲሴ ቃል አልገባችላትም። ገብታ የክብር መዝገብ ሹሙን አቶ ወልደሰንበትን አነጋገረች። በሕግ ጉዳይ ድርቅ ያለ ሰው ነው።

«ተጋቢዎቹ በአካል ይቀርባሉ፤ ለየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ይቆማል» አለ። «ዕድሜያቸው መድረሱን፣ ዝምድና አለመኖሩን፣ ሌላ ጋብቻ እንደሌላቸው ምስክሮቹ ያረጋግጣሉ። ምስክር ዋና መታወቂያውን ካልያዘ አላጋባም። ይህን ትናንት ለሁሉም ነግሬያለሁ። ኤልያቄምንም መታወቂያህ ጊዜው አልፏል ብዬ መልሼዋለሁ።»

«ዛሬስ?»

«አሳድሶ መጣ። ቀበሌው ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ ነበር አሉ። ከሌሎቹ ምስክሮች ዘቢደር ቦርሳዋን ዘርግፋ አገኘች፤ ኦቦ ሌታ ከኮቱ አወጣ፤ ዲንሳ ቤት ረሳሁት አለ። ምን ታደርጊዋለሽ? አንድ የሚረሳ አይጠፋም።»

ጋዲሴ ምስክሮቹን አንድ በአንድ ጠራች። ዘቢደር የሚስጥር ጓደኛ ናት።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ ቀንተሽባት ነበር?»

«ማን የማይቀና አለ? ቶኩማ መጀመሪያ ሻይ የጋበዘው እኔን ነው። ሞኟ ሚስጥርን ይዣት ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ስኳር ያማሰለው ለእሷ ብቻ ነው።»

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ፀጉሯን ስሠራ። ሠሪዋ እኔ፣ ሙሽራው የሷ።» ይህን ብላ አለቀሰች። «ሲቀርብን እየተቀባበልን ደወልንለት።»

የቶኩማ አጎት ልጅ ኦቦ ሌታ ከእጃጂ በጠዋቱ ሚኒባስ ነው የመጣው።

«ጋብቻውን አልወደዱትም ይባላል» አለችው።

«ከቸርቻችን ልጅ አይቼለት ነበር። እምቢ አለኝ፤ ተቀየምኩት። ቢሆንም ልፈርምለት መጣሁ። ገዳዩን አስራችሁ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ዲንሳ ግን ዓይኑ አብጧል። እሱና ቶኩማ በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ፤ ከወንድም የሚቀርብ ጓደኛው ነው።

«ሚስጥርንስ ታውቃታለህ?»

«ጎረቤት ነን። ከልጅነቴ ነው የማውቃት።» ዓይኑን እየጠረገ ጨመረ፤ «ከእሱ በፊት።»

«ጠዋት ቶኩማን አግኝተኸው ነበር?»

«አላየሁትም። በቀጥታ ወደ ቢሮ መጣሁ።»

ጋዲሴ የሟቹን ስልክ ከፍታ ያልተመለሱትን ጥሪዎች አየች። ከዚያ ሁሉም ወደ ጋብቻው ክፍል እንዲገቡ አዘዘች። ኤልያቄም እጁ በካቴና ታስሮ መጣ። ሌታ ሲያየው ፊቱን አዞረ።

«ቶኩማ በአዲስ ጫማው ጭቃ ረግጦ ወንዝ ወርዷል» አለች ጋዲሴ። «የተመታው ከኋላ ነው። ከዛተበት ሰው ጋር እዚያ አይወርድም፤ ጀርባውንም አይሰጠውም። ደግሞስ ኤልያቄም ቀበሌ በር ላይ የተሰለፈው ለምንድን ነው? ሙሽራውን የገደለ ሰው ለዚያው ጋብቻ ምስክርነት መታወቂያ አያሳድስም። ያሳደሰው ጋብቻው እንዳለ ስላመነ ነው።»

ወደ ወልደሰንበት ዞረች። «ዲንሳ ረሳሁት ሲልህ ምን አልከው?»

«ቤትህ መናኸሪያው ጀርባ ነው፣ ሂድና አምጣ፤ ያለ አንተ አይፈራረሙም አልኩት።»

«ሄደ?»

ሹሙ ትንሽ አሰበ። «አልሄደም። እዚያች ወንበር ላይ ተቀመጠ።»

«መርሳት ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ ዲንሳ። «ቶኩማ ሲመጣ እሄዳለሁ ብዬ ነው።»

«ይመጣል ብለህ ከጠበቅከው ለምን አልደወልክለትም? እዚህ ስልክ ላይ የሚስጥር ጥሪ አለ፤ የዘቢደር አለ፤ የኦቦ ሌታ አለ። ኤልያቄም እንኳ ደውሏል። የቅርብ ጓደኛው ብቻ አልደወለም። እንደማይመጣ የሚያውቅ ሰው አይደውልም፤ የማይፈረም ነገር ለመፈረምም መታወቂያ አይዝም።»

ዲንሳ ሚስጥርን አየ። ወልደሰንበት ወደ እሱ ዞረ።

«የጋብቻው ማስታወቂያ ወር ሙሉ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። መቃወሚያ ያለው ይቅረብ ይላል። አትቀርብም ነበር?»

«ምን ብዬ?» አለ ዲንሳ ቀስ ብሎ። «ዕድሜዋ ደርሷል። ዝምድና የላቸውም። ሌላ ትዳር የላቸውም። እኔ ቀድሜ ወድጃታለሁ የሚል መቃወሚያ ትቀበላለህ? በየቀኑ እየመጣሁ ስማቸውን ጎን ለጎን አነብ ነበር። ዛሬ ወንዙ ዳር ፎቶ ላንሳህ አልኩት። ኮሌታዬን ከኋላ አስተካክልልኝ ብሎ ዞረልኝ።»

ሌታ ሊነሳ ሲል አንድ ፖሊስ ትከሻውን ያዘው።

«አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም» አለች ሚስጥር።

«ብነግርሽስ?»

«አይሆንም እልህ ነበር። እሱም አይሞትም ነበር።»

ዲንሳን ሲያወጡት ዞሮ አላያትም። ካቴናው ከኤልያቄም እጅ ተፈታ። ሌታ መሬት መሬት እያየ፣ አስከሬኑን ለቀብር ወደ እጃጂ እንደሚወስድ ተናገረ። ሚስጥር ነጠላዋን አነሳች።

«አልተፈራረማችሁም እኮ፣ ልጄ» አለ ሌታ። ሊያስከፋት ፈልጎ አልነበረም። «ለቀስተኛው ማን ናት ቢለኝ ምን እላለሁ?»

«አብሬያት እሄዳለሁ» አለ ኤልያቄም፣ የቆሰለ የእጅ አንጓውን እያሸ። «ሚስቱ ናት ብዬ እኔ እመሰክራለሁ።»

ሌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አቅንቶ አየው።

«መኪናው ውስጥ ለሁለታችሁም ቦታ አለ» አለ።