የጋሽ ሸረፈዲን ለቅሶ

«ሀውላ፣ ቤታችሁ ስንት ሰው ይይዛል?»

አስጠኚዋ ነአምን ይህን የጠየቀችው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ የወጣት ማዕከሉን ክፍል እየቆለፈች ነበር። ሀውላ ጥያቄው አልገባትም። ዞር ስትል አብረዋት የሚያጠኑት ስድስቱ ልጆች ደጅ ላይ ቆመዋል። ገሚሶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ዋርዳ ጥቁር ሻርፕ አድርጋ አንድ እሽግ ውኃ ታቅፋለች፤ ሌላዋ ለስላሳ ይዛለች። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለምን እንደሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል።

«የት... የት ልትሄዱ ነው?» አለች ሀውላ።

«እናንተ ቤት ነዋ! ለቅሶ ልንደርስ።» ነአምን ትከሻዋን አቀፈቻት። «ፎርምሽን ገልጬ ያነበብኩት ትናንት ነው። አባቷ የሞተባት ልጅ ወር ሙሉ አጠገባችን ተቀምጣ አንድ ቀን ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› አላልናትም። ሼም አይደለም እንዴ? እኔ በራሴ በጣም ነው ያፈርኩት።»

እንግዲህ እውነቱ ይነገር፤ የሀውላ አባት አልሞተም። ትናንት እራት ላይ እንኳ ቃሪያው አላቃጠለም ብሎ ሲነጫነጭ ነበር። ጋሽ ሸረፈዲንን በቁሙ የቀበረችው የገዛ ልጁ ናት፤ የቀበረችውም በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው።

ነገሩ የጀመረው ቀበና ድልድይ አጠገብ ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሀውላ የሒሳብ ወርክሺት ልታስባዛ ገብታ፣ በሩ ላይ ከ«የሚከራይ ክፍል» ማስታወቂያ ጎን የተለጠፈች ወረቀት አየች። «ታላቅ እህት የለሽም? እኛ አለን። ለዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሾላ አካባቢ፣ በነፃ» ይላል። ሀውላ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናት። እናቷ ከይሪያም አባቷም ከስድስተኛ ክፍል አላለፉም። ወደፊት ምን ብማር ይሻለኛል፣ ፈተና ላይ ለምን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የሚለውን የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ወረቀቷን ሦስቴ አነበበቻት። በስልኳም ፎቶ አነሳቻት።

የተመዘገበች ቀን ፎርሙ ላይ ስሟን፣ ክፍሏን፣ ሰፈሯን እየሞላች ወርዳ ወርዳ፣ «የአባት ሥራ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። አጠገቧ የተቀመጠችው ዋርዳ በሚያምር ጽሕፈት «ሲቪል መሐንዲስ» ብላ ጨርሳለች።

የሀውላ አባት ወያላ ነው። በአርባ ስድስት ዓመቱ! የሰው ወያላ ቢያንስ ጎረምሳ ነው፤ ነገ ሹፌር ይሆናል ይባልለታል። የእሷ አባት ግን ፀጉሩ ሸብቶ ከሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሾላ! መገናኛ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» ይላል። ድምፁን ቀበና ሁሉ ያውቀዋል። የክፍሏ ልጆች ያንን ጎርናና ድምፅ እያስመሰሉ ሙድ ሲይዙበት አብራ የሳቀችበት ቀን አለ። የእሱ ታክሲ ሲመጣ ካየች ደግሞ ድንች የምትሸጠው ሴትዮ ጥላ ሥር ገብታ፣ አሳልፋ ነው በሌላ የምትሄደው።

ቦታውን ባዶ ልትተወው ፈለገች። መዝጋቢው ግን «እህቴ፣ ባዶ አይተውም» አላት። ያኔ ዋርዳ እንዳታይባት በክንዷ ከልላ «በሕይወት የለም» ብላ ጻፈች። ሁለት ቃል ናት። ለመጻፍ ያህል እኮ ምንም አትከብድም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሀውላ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከበደ። ነአምን ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀልላት ነበር። ነአምን ግን ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ስትሠራ ሰንብታ፣ ያለቻትን አንዲት የዕረፍት ቀን ለእነሱ የምትሰጥ ሰው ናት። ሰው ሲያወራ ስልኳን አትነካም። ሒሳብን ከጥያቄው ሳይሆን ከፍርሃቱ ጀምራ አስጠናቻት፤ ባለፈው ሙከራ ሀውላ ከአሥር ስምንት አመጣች። ነአምን ይህን ስትሰማ በደስታ ጮኸች። ሀውላ ይህችን ሴት ማጣት አልፈለገችም።

«እማ እኮ የለችም፣ ገበያ ናት» አለች አሁን። «ቤት ማንም የለም። ሌላ ቀን ይሁን።»

«ለቅሶ ተጠርቶ ነው እንዴ የሚኬደው? ከሌሉ ደጅ አስቀምጠን እንመለሳለን» አለች ነአምን።

ሀውላ አሰበች። ቅዳሜ አባቷ እስከ ምሽት ሥራ ላይ ነው። እናቷ ሾላ ቅመሟን ሸጣ ሳትጨርስ አትመለስም። በሩ ላይ ቁልፍ ያገኛሉ፣ ያዝናሉ፣ ይመለሳሉ። አለቀ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ፊት ፊት መራች። ሾላ ታክሲ ሲጠብቁ የአባቷ ሚኒባስ አለፈች፤ በሯ ላይ የተንጠለጠለው ግን የማታውቀው ወጣት ነበር። ልብ ማለት ነበረባት። ልቧ ግን የት ነበረና!

ቀበና ወርደው፣ ወደ ወንዙ የሚያወርደውን ኮብልስቶን ጨርሰው ቆርቆሮው በር ላይ ሲደርሱ ቁልፍ የለበትም። ነአምን አንኳኳች። ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ።

በሩን የከፈተው አባቷ ነበር። ጋቢ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ የእናቷን ሻርፕ ጠምጥሟል። ጉሮሮው ጠዋት ተዘግቶ ከሥራ መቅረቱን ሀውላ ያወቀችው ያኔ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። መሬት ግን ለማንም ብላ አትሰነጠቅም።

«ጤና ይስጥልን» አለች ነአምን ዝቅ ብላ። «የሀውላ አባት ማረፋቸውን ዘግይተን ነው የሰማነው። ለቅሶ ልንደርስ ነው የመጣነው። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

«አላህ ይርሐማቸው» አለች ዋርዳ።

ጋሽ ሸረፈዲን የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አየ። ውኃውን አየ። ከሁሉም ኋላ አንገቷን ደፍታ የቆመችውን ልጁን አየ። ብዙ ቆየባት።

«ግቡ፣ ግቡ ልጆቼ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ከሹክሹክታ አያልፍም። «እኔ... ወንድሙ ነኝ።»

ገቡ። ፍራሹ ላይም፣ አግዳሚው ላይም ተጠጋግተው ተቀመጡ። ሀውላ በሩ ሥር ቆማ ቀረች። ግድግዳው ላይ የእናትና የአባቷ የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል። ነአምን ቀና ብላ አየችው።

«ወይኔ፣ ቁርጥ እርስዎን ነው የሚመስሉት!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለን» አለ ጋሽ ሸረፈዲን።

ለቅሶ ቤት የማይቀር ጥያቄ አለ፤ እሱም መጣ። «ምን አግኝቷቸው ነው?»

«ድንገት ነው» አለ። ጉሮሮውን ሊጠርግ ሞክሮ አቃተው። «እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው።»

«ውይ! ሩቅ አገር ነበሩ?»

«አይ፣ እዚሁ ነኝ። አልነገሩኝም።»

ነአምን ከንፈሯን መጠጠች። ሀውላ ጆሮዋ ድረስ ነደደች። ይቆጣል፣ ይጮኻል፣ ያባርራቸዋል ብላ ነበር። ቢጮኽ ይሻላት ነበር። ጩኸቱን የለመደችው ሰው ዝግ ብሎ ሲዋሽላት ግን የምትገባበት አጣች። ያ ሁሉ ውሸት ለእሷ ነው፤ እንግዶቿ ፊት እንዳታፍር።

ዋርዳ ደግሞ፣ ልጅቱ ክፋት የላትም፣ «ሥራቸው ምን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ሸረፈዲን ወደ ሀውላ ተመለከተ። ምን ብለሽ ነበር እያላት እንደሆነ ገባት። አንገቷን ስትደፋ ወደ ልጆቹ ዞረ።

«ቢሮ» አለ። «ቢሮ ነበር የሚሠራው። የራሱ ጠረጴዛ ነበረው። የተማረ ሰው ነው... ከረባትም ያስር ነበር።» ይህን ሲል እጁ ሳያስበው አንገቱ ላይ ወዳለው ሻርፕ ሄደና አስተካከለው። ጋሽ ሸረፈዲን በሕይወቱ ከረባት አስሮ አያውቅም፤ በሠርጉ ፎቶ ላይ እንኳ አላሰረም።

ሀውላ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«ወያላ ነው» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«አባቴ ወያላ ነው። ከዚህ ሾላ፣ መገናኛ። አልሞተም። እሱ ነው አባቴ።» እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። ወያላ ብዬ መጻፍ አፍሬ ነው።»

አንዷ ልጅ ነጠላዋን ቀስ ብላ አቃናች። ነአምን ፊቷ ቀላ።

«ሀውላ፣ እኔ ትናንት ፎርምሽን ሳነብ አልቅሻለሁ» አለች። አልጮኸችም። ለሀውላ ግን ከስድብ ሁሉ የባሰ ሆኖ ተሰማት።

«በሉ እንግዲህ፣ ያ ውኃ ይከፈት» አለ ጋሽ ሸረፈዲን። «የሟቹም ጉሮሮ ደርቋል።»

ዋርዳ ሳታስበው ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ደንግጣ አፏን ያዘች። ከዚያ ሌላዋም ሳቀች። ነአምን ግን አልሳቀችም። ውኃ ከፍታ በሁለት እጇ ለጋሽ ሸረፈዲን ሰጠችውና «ይቅር ይበሉን፣ ሟርት አመጣንብዎ» አለች።

«ኧረ ግዴለም የኔ ልጅ። ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይላሉ።»

ሲወጡ ነአምን ከቦርሳዋ አዲስ ፎርም አውጥታ ለሀውላ ሰጠቻት። «ቅዳሜ እንጦጦ ፓርክ ነው የምንወጣው፤ ሦስት ሰዓት ማዕከሉ ጋ እንገናኛለን። መምጣት አለመምጣቱ የአንቺ ነው። ከመጣሽ ግን ይህን ሞልተሽ ነይ።» እንደ ወትሮው አላቀፈቻትም።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ሀውላ ጠርሙሶቹን ትሰበስባለች፤ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

«አባዬ...»

«ከረባቱን አበዛሁት እንዴ?» አለ።

«አባዬ፣ በአላህ አፉ በለኝ።»

ሻርፑን ፈትቶ እንደገና ጠመጠመ። «እዚያ ድንች ሻጯ ጥላ ሥር ስትገቢ አይሻለሁ» አለ። «ብዙ ጊዜ ነው ያየሁሽ። ሹፌሩን ‹ንዳው፣ እዚህ ሰው የለም› እለዋለሁ። ጎንበስ ብለሽ ብዙ እንዳትቆዪ ብዬ ነው።»

ሀውላ የያዘችውን ጠርሙስ አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያን ቀን እራቷን አልበላችም። አባቷም ለእናቷ አልተናገረባትም፤ ይህም ለብቻው አሳፈራት።

ሳምንቱ ረጅም ነበር። እሑድ አልሄድም አለች። ረቡዕም አልሄድም አለች። የዋርዳ ሳቅ፣ የነአምን ዓይን፣ የልጆቹ ሹክሹክታ እየመጣ እንቅልፍ ነሳት። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፎርሙን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ስሟን፣ ክፍሏን፣ ሰፈሯን ሞላች። ወርዳ ወርዳ፣ እዚያው ቦታ ላይ ስትደርስ በክንዷ ሳትከልል «ወያላ» ብላ ጻፈች።

ቅዳሜ ጠዋት ቀበና ታክሲ መያዣው ላይ ቆመች። ከክፍሏ ሁለት ልጆች አጠገቧ አሉ። ከላይ፣ ከመታጠፊያው «ሾላ! መገናኛ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሳምንት ሙሉ ተዘግቶ የከረመው ጉሮሮ ዛሬ ተከፍቷል። ከልጆቹ አንዱ ወዲያው ድምፁን አስመሰለና ሌላው ሳቀ። የሀውላ ፊት እንደ ድሮው ነደደ። ድንች ሻጯ ጥላዋን ዘርግታለች፤ ርቀቱ ሦስት እርምጃ ነው።

ሚኒባሷ ቀረበች። ጋሽ ሸረፈዲን ከበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ጥላው አየና ወደ ሹፌሩ ዘወር አለ። «ንዳው፣ እዚህ ሰው...»

ሀውላ ከእግረኛው መንገድ ወርዳ እጇን ዘረጋች።

«አባዬ!» አለች፣ ልጆቹ እንዲሰሙ አድርጋ። «ሾላ ወራጅ ነኝ።»