ምን ምን ይላል?

ልጅቷ ጎህ ሳይቀድ ዳቦ ቤት ገብታ ሊጥ ስታቦካ ታረፍዳለች፤ ከሰዓት ደግሞ እግሯን እየጎተተች የምግብ ኬሚስትሪ ትማራለች። ይህንኑ ትምህርት ሁለቴ ወድቃዋለች። ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀች ትምህርት ቤቱ በቃሽ ይላታል። እናቷማ «ዳቦ ለመጋገር ደግሞ ምን ትምህርት ያሻዋል?» ማለት ከጀመሩ ሰነባበቱ።

ላብራቶሪ ውስጥ ከእሷ ጋር የተመደበው የሆቴል ወጥ ሠሪ ነው፤ ሆቴሉ እሱንና አለቃውን ለትምህርቱ አንድ ላይ ልኳቸዋል። ዝምተኛ ነው፣ ግን አንድ አመል አለው። ስኳሩ ሲያር፣ ወተቱ ሲኮመጥጥ፣ ጎንበስ ብሎ «ምን ምን ይላል?» ይላታል። መጀመሪያ ወሬ ፍለጋ ነው ብላ ናቀችው። ኋላ ኋላ ግን ጥያቄውን መጠበቅ ጀመረች፤ ሊጥ እያቦካች እንኳ መልሱን ታሰናዳ ነበር። ወዳዋለች፣ ምን ይደበቃል።

የዚያን ቀን የሚሠሩት ኤስተር ነበር፤ ከአልኮልና ከኮምጣጤ አሲድ የሙዝ ሽታ ማውጣት። ቱቦውን ሙቅ ውኃ ውስጥ እንዳስቀመጠች እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ። እሱ ሊቀሰቅሳት አልጨከነም። ሰዓቱ ሲደርስ የሁለቱንም ሪፖርት ራሱ ሞላ፤ «ሽታ» በሚለው ቦታ፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ «ሙዝ» ብሎ ጻፈ።

መምህርቷ ቱቦውን አንስተው አሸተቱ። ለካ ልጅቷ በድካም ሽታውን የሚያወጣውን የማፍጠኛ አሲድ ጠብታ ረስታዋለች። ቱቦው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል እንጂ የሙዝ ወሬም የለበት። ያላሸተተውን የጻፈ ዜሮ እንደሚያገኝ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ተነግሯል። ልጅቷ ነቅታ ነገሩ ገባት። በቃ፣ አለቀላት።

«እሷ አልጻፈችም፤ እኔ ነኝ» አለ ወጥ ሠሪው።

«አንተስ አፍንጫ የለህም?» አሉት መምህርቷ።

አለቃው ከፊት ጠረጴዛ ዞሮ ያየዋል።

«የለኝም» አለ ወጥ ሠሪው ቀስ ብሎ። «ዓምና ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

መምህርቷ በረጅሙ ተነፈሱና እሷ ነገ ብቻዋን ደግማ ትሥራ አሉ፤ ለእሱ ግን ዜሮውን ሰጡት። አለቃውም ሲወጣ፣ ከነገ ጀምሮ ከምድጃው ርቆ ሽንኩርት እንዲልጥ ነገረው።

ልጅቷ ተርፋለች፣ ደስ ግን አላላትም። ሲጠይቃት የከረመው ቸግሮት ኖሯል። አፈረች። ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችውና አጠገቡ ዘፍ አለች።

«ለሪፖርቱ ነበር ለካ» አለችው። «እኔ ሞኟ ሌላ ነገር መስሎኝ።»

«ለሪፖርቱማ መጽሐፉ መች ጠፋ» አላት። «ዛሬ እንኳ ከእሱ ነው የገለበጥኩት። የምጠይቅሽ፣ አንቺ ስትነግሪኝ የሚሸተኝ ስለሚመስለኝ ነው።»

የደከመ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች፤ እሱም አልተነቃነቀም።

«ነገ በሩ ላይ ጠብቀኝ» አለችው ቆይታ። «ሙዝ ካለ መጥቼ እነግርሃለሁ።»

«ኮምጣጤ ካለስ?»

«እሱንም እነግርሃለሁ።»