የታናኮን የቀትር እንቅልፍ

ኢንስፔክተር ኦራዋን ከፖሊስ ጀልባ ወደ ቅንጦት ጀልባው ስትሻገር ሟቹ የተኛ እንጂ የሞተ አይመስልም ነበር። ታናኮን በጀልባው ኋላ፣ ከውሃው እምብዛም በማይርቀው መደብ ላይ፣ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። ጉንጩም ከንፈሩም ቀልቷል። ሞት ሰውን እንዲህ ሲያሳምር አይታ አታውቅምና ደስ አላላትም።

ታናኮን ጀልባውን ከነካፒቴኑ ከታይላንዷ ፑኬት የተከራየው እናቱን እማማ ማሊዋንን በልደታቸው ለማስደሰት ነበር። ሌላ እንግዳ ሚስቱ ኒራሞን ብቻ ናት። ምሳ ተበላ፤ የጀልባው ምግብ አብሳይ ዓሣ ሊገዛ አቅራቢያ ወዳለ ደሴት ወረደ፤ ታናኮን ሸለብ አደረገው። በዚያው ቀረ።

«እሷን እሰሪልኝ፣ ልጄ» አሉ እማማ ማሊዋን፣ ምራታቸውን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ጠዋት ሲጣሉ ነበር። የአናናስ ጭማቂ የሰጠችውም እሷ ናት።»

ኒራሞን አልተከራከረችም። ፀጉሯ ከዋና እንደወጣች ገና በባሕር ውሃ ርሷል። መጣላታቸው እውነት መሆኑን፣ ሳይታረቁ መሞቱን ብቻ ተናገረች። ብትታሰርም ግድ ያላት አትመስልም።

ኦራዋን ብርጭቆውን አየችው፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ከዚያ ፍራሹ ዳር ቁጭ አለች። ፀሐይዋ ወዲያው አንገቷን ለበለበቻት። የሟቹ ራቁት ደረት ላይ ግን የፀሐይ ምልክት የለም። ቀና ብላ ከጣሪያው ሥር ተጠቅልሎ የታሰረውን ሸራ ተመለከተች።

«ካፒቴን፣ ይህ ሸራ ወርዶ ነበር?»

«አልነቃ ሲለኝ ነው የሰቀልኩት። አየር እንዲያገኝ ብዬ» አለ ካፒቴን ሱራፖን።

«ማን አወረደው?»

ካፒቴኑ ወደ ባሕሩ ዞረ። «እንጃ።»

እንዲህ ያለው «እንጃ» ታላቅን ላለማዋረድ የሚባል ነው፤ ኦራዋንም የዚያው አገር ልጅ ናትና ገባት። ዝም ብትል ምራትየዋ በባሏ ደም ትጠየቃለች። ብትናገርስ?

ሦስቱንም መደቡ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«መርዝ አይደለም፤ ጭማቂውን አልቀመሰውም። የቀላው ቤት ዘግቶ ከሰል እንዳነደደ ሰው ነው። የውስጠኛው ክፍል አየር ማቀዝቀዣ እንዲሠራ ጄኔሬተሩ በርቶ ነበር፤ ጢሱ የሚወጣው ከዚህ መደብ ሥር ነው። ሸራው ሲወርድ ጢሱን አፈነው። ኒራሞን ያን ጊዜ ትዋኝ ነበር። ካፒቴን ደግሞ አደጋውን ስለሚያውቅ ሸራውን አያወርድም።»

የቀሩት አንድ ሰው ናቸው። ማንም ወደ እሳቸው አላየም።

«ልነግራቸው ነበር» አለ ካፒቴኑ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «በልደታቸው ቀን፣ በልጃቸው ጀልባ ላይ፣ እማማ ተሳስተዋል ማለት አቃተኝ። ጄኔሬተሩንም እንዳላጠፋው ሙቀቱ ይጎዳቸዋል አልኩ። ከክፍሉ የመስተዋት በር ኋላ ተቀምጠው ልጃቸውን ያያሉ። ሲነሱ ቀስ ብዬ እሰቅለዋለሁ ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሱም።»

ይሉኝታ ብዙ ቤት አፍርሷል ይባላል፤ ኦራዋን ግን ሲገድል ያየችው ያን ቀን ነው።

እማማ ማሊዋን የልጃቸውን ፊት እያዩ ተናገሩ። «ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ወጣችበት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፀሐይ ካገኘችው እንቅልፉ ይሄዳል። ትንሽ ይተኛልኝ ብዬ ነው።» ከዚያ ቀና አሉ። «ታዲያ አሁን ማንን ልታስሪ ነው፣ ልጄ?»

ሕጉ ኦራዋንን ካፒቴኑን ይዛ እንድትሄድ ያዛታል፤ ለእናትየው ግን የሚለው የለውም። የቅንጦት ጀልባውን መንዳት የሚችል ሌላ ሰው ስላልነበረ ወደ ወደብ የመለሳቸውም ራሱ ተጠርጣሪው ነው።

ጀልባው ሲዞር ፀሐይዋ የኒራሞን ፊት ላይ አረፈች። የእማማ ማሊዋን እጅ ሳያስቡት ወደ ሸራው ገመድ ተዘረጋ፤ ሳይነካውም ቆመ። ኒራሞን አየቻቸውና ከፀሐይዋ ሳትሸሽ ተጠግታቸው ተቀመጠች።