ሰው ያለው ድንጋይ

ከባለቤቴ ከደምሴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ሥራ ሮቶ ማጠብ ነው። እሁድ ነበር፣ አርባ ምንጭ፣ ሰፈራችን ሴቻ ውስጥ ውሃ ከጠፋ አምስተኛ ቀኑ ስለሆነ ሮቶው ባዶውን ቀርቷል፣ ባዶ ከሆነ ደግሞ ደምሴ ሳያጥበው አያልፍም፣ ግቢው ውስጥ አጋደምነውና እሱ ቀጭን ስለሆነ በአፉ ሾልኮ ገባ፣ እኔ ውጭ ዱካ ላይ ተቀምጬ በጀሪካን የተረፈችንን ውሃ በጣሳ በጣሳ አቀብለዋለሁ። ከውስጥ ሲያወራ ድምፁ ስለሚያስተጋባ፣ "ሰማሽ? ሬዲዮ ጣቢያ የሚቀጥረኝ አጥቼ ነው እኮ" እያለ ይቀልዳል። መሐል ላይ ቀልዱን አቆመና፣ "ሰብልዬ፣ የዚያን ክረምት ሽማግሌውን አንቺም አይተሻቸው ነበር?" አለኝ።

"እጠብ፣ ውሃው እያለቀ ነው" አልኩት።

እሱ ግን ሌላም ነገር ጨመረ፣ የጨመረውን ቦታው ሲደርስ እጽፈዋለሁ፣ እጄ ገና አልደፈረም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ "ትንሽ ልረፍ" ብሎ ተቀመጠ፣ ከዚያ አልተነሳም። ሐኪሙ ልብ ነው አለን። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ባለ ነገር አምኜ አላውቅም። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፣ በእግዚአብሔር አምናለሁ፣ ጸበል እጠጣለሁ፣ ከዚያ አልፎ ግን ሙት ታየኝ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በልቤ "ምነው ቢተኛ" የምል ሴት ነኝ። ደብረ ማርቆስ ሳድግ ጎረቤቶቻችን እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምሩ እኔ መጽሐፌን ይዤ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። ስለዚህ የምነግራችሁን ለመቀበል ከእናንተ ይልቅ እኔ ተቸግሬያለሁ፣ እመኑኝ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ነው። ሁለታችንም አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን፣ እሱ የውሃ ምህንድስና፣ እኔ ባዮሎጂ፣ ክረምቱን ወደየቤታችን ከመሄድ በበጎ ፈቃድ እናገልግል ብለን ተመዝግበን፣ ዐሥራ ሁለት ሆነን ደጋው ላይ ካለችው ከገረሴ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ወደሚያስኬድ ቀበሌ ወጣን። ሥራችን ምንጭ ማጎልበት ነበር፣ ሰውም ከብቱም ከአንድ ኩሬ ይጠጡ ስለነበር ከገደሉ ሥር የሚፈልቀውን ውሃ በድንጋይና በሲሚንቶ አጥረን በቧንቧ እንዲወርድ ማድረግ። የምንተኛው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዴስክ ገጥመን ነው፣ የአርባ ምንጭን ሙቀት ለለመደ ሰው የዚያ አገር ብርድ አይነገርም፣ ጠዋት ስንነሳ ጫማችን ውስጥ ጭጋግ ያደረ ይመስል ነበር።

ደምሴ የቡድናችን መሪ ነው። ወላጆቹ ጋሞ ናቸው፣ ግን አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ገበያ መሐል አማርኛ እያወራ ስላደገ ጋሞኛው ይሰባበርበታል፣ አቶ ሻንቆ የሚባሉ የቀበሌው ሽማግሌ ይህን በሰሙ ቁጥር ሳቃቸው አያልቅም።

"ልጄ፣ ጋሞኛህ ዓሣ ዓሣ ይሸታል" ይሉታል፣ "ማን አስተማረህ፣ የጫሞ አዞ ነው?"

"እሺ አባባ" ይላል ደምሴ። ትልቅ ሰው ምንም ይበለው ምን መልሱ ይኸው ነው።

"ስሰድብህም እሺ?"

"እሺ አባባ።"

ያኔ ነው መሰለኝ የወደድኩት፣ ወይም መውደዴን ያወቅሁት።

የምንጩ ግድግዳ ሲያልቅ ከላይ የሚከድነው ሰፊ ድንጋይ አጣን። የገበያ ቀን ስለነበር ትልቅ ሰው ሁሉ ገረሴ ወርዷል፣ የቡድናችን ልጆች ወጣ ብለው ፈለጉና ሣር ከዋጠው አንድ ሜዳ ላይ ጠፍጣፋ፣ መሐሉ ልስልስ ያለ ድንጋይ አግኝተው በቃሬዛ ተሸክመው እየዘፈኑ መጡ። ሜዳው ዱቡሻ መሆኑን፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበትና የተጣላ የሚያስታርቁበት ሸንጎ መሆኑን፣ እያንዳንዱም ድንጋይ የአንድ ቤት መቀመጫ መሆኑን ማናችንም አላወቅንም። ደምሴም አላወቀም፣ የሲቀላ ልጅ ዱቡሻን ከየት ያውቀዋል። መሐሉ ለምን እንደለሰለሰ እንኳ የጠየቀ የለም፣ ስንት ዓመት ሰው ቢቀመጥበት ነው ድንጋይ እንደዚያ የሚሆነው? "ልክክ አለ!" ብለን አጨበጨብን፣ በደረቁ አስቀመጥነው፣ ሲሚንቶውን ለነገ አሳደርነው።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ አሸዋ ሊያመጡ ወርደው እኔ ብቻዬን ምንጩ ዳር ልብስ ሳጥብ ጎረቤት የሚኖሩት ባልቴት፣ እማማ አመነች፣ መጡ። እንስራቸውን አወረዱ፣ ድንጋዩን አዩት፣ ከዚያ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ መዳፋቸውን ቀስ አድርገው አሳረፉበት።

"የኔ ልጅ፣ ድንጋዩ ሰው አለው።"

"ምን አሉኝ እማማ?"

"ሰው አለው። ባሌ ነው። ሀላቃ ነበር፣ ሸንጎ የሚመራ። ሞተ፣ አራት ዓመት ሆነ። መቀመጫው ይሄ ነው።"

ሁሉም ነገር ገባኝ። "እነግራቸዋለሁ እማማ፣ ቦታው ይመልሱታል" አልኳቸው። እሳቸው አንድ ነገር ሊሉ ጀመሩ፣ አማርኛው አልመጣላቸውም መሰለኝ እጃቸውን አወዛውዘው ተዉት፣ እንስራቸውን ሞልተው አዝለው ሄዱ።

አልነገርኩም። ምክንያት ልደርድር ብል አላጣም፣ የቀረን ሲሚንቶ አንድ ከረጢት ነበር፣ ከዞን እንግዶች ሊመጡ ቀጠሮ ተይዟል፣ ሌላ ድንጋይ ስንፈልግ ዝናቡ ሥራችንን ያፈርሰዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ደምሴ አሸዋውን ተሸክሞ እየሳቀ ሲመጣ አየሁት፣ ያን ፊት ማጥፋት አልፈለግሁም። የዚያን ቀን አፌን ብከፍት ድንጋዩን መመለስ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር የሚፈጀው። ዝም ብዬ ሲሚንቶውን አቀበልኩ።

ከሰዓት በኋላ ልስኑ አለቀ፣ ወዲያው ካፊያ ጀመረ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጡ፣ እኔና ደምሴ ልስኑን በእንሰት ቅጠል ልንሸፍን ቀረን። ሰዓቱ ዘጠኝ ቢሆን ነው፣ ግን ጭጋጉ ከላይ ወርዶ አምስት እርምጃ ላይ ያለ ሰው አይታይም ነበር፣ እሱ በወዲያኛው ጎን ነው፣ እኔ በዚህኛው፣ የቅጠሉ ኮሽታ ብቻ ነው ያለበትን የሚነግረኝ።

መጀመሪያ የሰማሁት ጉሮሮ መጥረግ ነው፣ ሽማግሌ ሸንጎ ላይ ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው፣ ረጋ ያለ።

"በረደህ እንዴ?" አልኩ።

"እኔ አይደለሁም" አለኝ ደምሴ፣ የሱ ድምፅ ግን ጉሮሮ ሲጠረግ ከሰማሁበት በተቃራኒ በኩል ነው የመጣው።

ከልጆቹ አንዱ ተመልሶ ይሆናል ብዬ ቅጠሌን ማንጠፍ ቀጠልኩ። ቀጥሎ ዱላ ድንጋይ ሲነካ ሰማሁ፣ አንዴ፣ ቆይቶ ደግሞ አንዴ። ከዚያ ሽታ መጣ፣ የትምባሆ፣ ሽማግሌዎቹ በጋያ የሚያጨሱት ዓይነት፣ ከመካከላችን አንድም የሚያጨስ አልነበረም። አሁንም ልቤ አልደነገጠም፣ ምን ልበላችሁ፣ እንዲያውም ትልቅ ሰው መጥቶ ከሆነ ነውር ነው ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩና ቀና አልኩ።

ሰው የለም። ድንጋዩ ግን ደረቅ ነው። ካፊያው ይወርዳል፣ ግድግዳው ይንጠባጠባል፣ ቅጠሉ ይንጠባጠባል፣ የኔ ጣቶች ይንጠባጠባሉ፣ የድንጋዩ መሐል፣ የተቀመጠ ሰው በሚይዘው ስፋት፣ ደረቅ ነው፣ ጠርዙም በእጅ የተሣለ ይመስል ጥርት ያለ ነው። እጄን ዘርግቼ ነካሁት፣ ምን እንዳደፈረኝ አላውቅም፣ ሞቀኝ። ሲሚንቶ ሲጠነክር ሙቀት እንደሚያወጣ አውቃለሁ፣ ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ ግን የነካሁት ድንጋዩን ነው፣ ሲሚንቶውን አይደለም።

ያን ጊዜ ደምሴ ከወዲያኛው ጎን በጋሞኛ አንድ አጭር ቃል ሲመልስ ሰማሁ። ዞሬ ሄድኩ። ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል፣ ጸጉሩ በስብሷል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ቆሟል።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከማንም።"

"ደምሴ?"

"ነይ እንሂድ" አለኝ፣ እጄን ያዘ፣ "ጀርባሽን እንዳትሰጪ።"

ጭጋጉ ምንጩን እስኪውጠው ድረስ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄድን። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ልጆቹ "እናንተ ጨዋዎች፣ ቅጠል ማንጠፍ ይህን ያህል ይቆያል?" ብለው ሳቁብን፣ እኛም ሳቅን፣ ያ ሳቅ ነገሩን ከደነው።

በምረቃው ቀን አቶ ሻንቆ አንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር ይዘው መጥተው ድንጋዩ ላይ አኖሩ፣ እኛ ምርቃት መስሎን አጨበጨብን። ጋሞ ሽማግሌ ሣር የሚይዘው ሊያስታርቅ፣ ሊለምን እንደሆነ ያወቅሁት እዚህ አገር አግብቼ ከኖርኩ በኋላ ነው። እማማ አመነች ከሴቶቹ መሐል ቆመው ነበር፣ ዓይናቸውን ላለማየት እንግዶቹን አየሁ።

ተመረቅን፣ ተጋባን፣ ልጅ ወለድን፣ እሱ በውሃ ሥራው ቀጠለ፣ እኔ አስተማርኩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ስለዚያ ከሰዓት በኋላ አንድም ቀን አላነሳንም፣ እስከዚያ እሁድ። አሁን ልጻፈው። ከሮቶው ውስጥ የጨመረው ይህ ነው፦

"'ከእናንተ መሐል ያወቀ ማነው?' ብለው ጠየቁኝ እኮ። ጋሞኛው አንድ ቃል ሳይጠፋኝ ገባኝ፣ እኔም ይገርመኛል። ጠዋት ከእማማ አመነች ጋር ስትነጋገሪ ከአሸዋው መንገድ አይቼሽ ነበር፣ ምን እንደነበር ያኔ ሲጠይቁኝ ነው የገባኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው።" ቀጥሎ ሳቀ፣ ሮቶው ሙሉ ሳቅ ሆነ፣ "ውሃ አቀብዪኝ" አለ።

አቀበልኩት። እሁድ ማታም፣ ሰኞም፣ ማክሰኞ ጠዋት ጫማውን ሲያስርም መናገር እችል ነበር።

በለቅሶው ሰሞን አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው፣ "ልጄ ምን ነበረው? የደበቀው ነገር ነበረው?" ብለው ጠየቁኝ። በጋሞ ሰው ጥፋቱን ከደበቀ ጎሜ ይይዘዋል ይባላል፣ መድኃኒቱም ሽማግሌ ፊት ወጥቶ መናገር ነው። "ምንም የለውም" አልኳቸው። ስለ እሱ እውነት ተናግሬያለሁ። ስለ ራሴ አልጠየቁኝም። ልብ ነው፣ ሐኪሙ ልብ ነው ብሏል፣ አባቱም በልብ ነው የሞቱት፣ ይህን ለተማሪዎቼ የማስተምረው እኔ ነኝ። ሆኖም እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ልጄን ለአማቴ ትቼ ወደዚያ ቀበሌ ወጣሁ። እማማ አመነች በሕይወት አሉ፣ አርጅተው ከቤት አይወጡም፣ ምራታቸው እያስተረጎመችልን ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አውቄ ዝም ማለቴን፣ ሽታውን፣ ደረቁን ድንጋይ። ጥቁር ልብሴን አይተው ጉልበቴን ያዙ፣ ከዚያ ፈገግ አሉ፣ እኔ ደነገጥኩ።

"መልሱት መች አልኩሽ?" አሉኝ በምራታቸው አፍ። "በኛ ቀበሌ ሴት ዱቡሻ ላይ አትቀመጥም። አራት ዓመት ድንጋዩን ከሩቅ ነው ያየሁት። እናንተ ውሃዬ ድረስ አመጣችሁልኝ። እንዳትረግጡት ልነግርሽ ነበር፣ አማርኛው ጠፋኝ። እግሬ እስኪደክም ውሃ በቀዳሁ ቁጥር ዳስሼው ነበር የምመለሰው።"

ዐሥራ ሦስት ዓመት የተሸከምኩት ጥፋት እንዲህ በቀላሉ ሲወርድ አለቀስኩ። እንባዬን ስጠርግ ነው ያልነገርኳቸው አንድ ነገር መቅረቱ ትዝ ያለኝ። "ባለቤትዎ ደምሴን ጠይቀውት ነበር" አልኩ፣ "ከእናንተ ያወቀ ማነው ብለው። እኔ ነኝ አላቸው።"

ምራትየው ስታስተረጉም እማማ አመነች እጃቸውን ከጉልበቴ ላይ አነሱ። ደጅ ጭጋጉ መውረድ ጀምሮ ነበር።

"ባሌ" አሉ በመጨረሻ፣ ራሳቸው፣ በአማርኛ፣ "መልሱን ሳያውቅ ሰው አይጠይቅም ነበር።"

ከዚያ፣ "ሄደሽ አንቺ መሆንሽን ንገሪው" አሉኝ። ምንጩ ከቤታቸው የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው። በሩ ድረስ ወጣሁ፣ ከጭጋጉ ውስጥ ውሃው ቧንቧውን ሲመታ ይሰማል፣ ሌላ ምንም አይሰማም፣ እግሬ ግን አልሄደልኝም።

አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደዚያ ቀበሌ እወጣለሁ፣ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለሴቶቹ ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ፣ ከዚያ ወደ ምንጩ ሳልዞር፣ ጭጋጉ ሳይወርድ ወደ ሴቻ እመለሳለሁ።