በሩ የነበረበት ግንብ

ጓጉንቸሩን የቆረጠው ሀብተሚካኤል ራሱ ነበር። ከጎረቤት ብረት ቤት መጋዝ ተውሶ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ሲገዘግዝ፣ የጓደኛው እጮኛ ያምሮት ከኋላው ቆማ «ቶሎ በል እንጂ ሀብቴ! ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ብደውል ስልኩ አይሠራም» ትለው ነበር። ጓጉንቸሩ ተቆርጦ ወደቀ፤ የብረቱ በር ግን አልከፈት አለ። ከኋላው የተደገፈበት ነገር ነበር። ሀብተሚካኤል በትከሻው ገፋ ሲያደርገው በክፍተቱ የአንድ እግር ጫማ ታየው። ሚዜ የሚሆንበት ሠርግ እንደቀረ ያወቀው ያኔ ነው።

ቅዳሜ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት። ስልክና ኮምፒውተር እየጠገነ በፍኖተ ሰላም የታወቀው ናሁሰናይ፣ ወደ ክፍሉ ከሚያወጣው የሲሚንቶ ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። የራሱ ስልክ ከወገቡ ሥር ተሰባብሯል።

ኢንስፔክተር እናኑ ስትደርስ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ከአምሳ ያለፈች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቀጭን ሴት ናት። ሰው ጠይቃ መልሱን ከሰማች በኋላ ትንሽ ዝም የማለት ልማድ ነበራት፤ ያን ዝምታ ብዙ ሰው አይችለውም።

«አዳልጦት ነው» አለ ሳጅን አድማሴ፣ ቀና ብሎ ደረጃውን እያየ።

«አዳልጦት የሞተ ሰው በሩን ከውጭ አይቆልፍም» አለች። ወደ ላይ ወጥታ ክፍሉን አየች። የናሁሰናይ የራሱ ጓጉንቸር ከነመክፈቻው ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር ተንጠልጥሏል። በሩ የተቆለፈበት ጓጉንቸር የሌላ ሰው ነው።

ወደ በሩ የሚያስገባው በሁለት ሱቆች መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ከመተላለፊያው ፊት ለፊት፣ ኡምሀኒ ልብስ ትሰፋለች።

«ከምሳ መልስ ስምንት ተኩል ላይ ከፈትሁ» አለች ኡምሀኒ። «የስፌት መኪናዬ ፊቱን ወደዚያ ነው። ወላሂ፣ ከዚች ልጅ በቀር የገባም የወጣም የለም። የሠርግ ቀሚሷን ልትለካ ከጅጋ መጣች፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ ‹እስቲ ልየው› ብላ ተሻገረች። ወዲያው ተመለሰች።»

«ፊቷ እንዴት ነበር?»

«የተኳረፈ ሰው ፊት።»

«በሩ ተቆልፎ ነበር!» አለች ያምሮት። «ብጠራው ብጠራው ዝም አለ። የት ሄዶብኝ ነው ብዬ ተናደድሁ። ምነው ባልተናደድሁ!»

የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሙንዲር እጁን እንደ ተማሪ አወጣ። «ኢንስፔክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥር ላይ ናሁ በሕይወት ነበር። ጌም ውስጥ አይቼዋለሁ።»

«የት ውስጥ?»

ሙንዲር አስረዳት። ከየአገሩ ሰው በስልኩ የሚገባበት የጀግኖችና የዘንዶዎች ዓለም አለ፤ እነሱ «አምባው» ይሉታል። በፍኖተ ሰላም የሚጫወቱት እሱና ናሁሰናይ ብቻ ነበሩ። የናሁሰናይ ጀግና «መብረቁ» ይባላል፤ አንበሳ የለበሰ፣ ሰይፉ የሚነድ። «እንዲያውም ስላሳቀኝ ፎቶ አንሥቼዋለሁ። ይህን የሚያህል ጀግና በግንባሩ ግንብ ሲገፋ! ‹ምነው መብረቁ፣ ሰከርህ እንዴ?› ብዬ ጻፍሁለት። አልመለሰልኝም።»

እናኑ መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ሀብተሚካኤል ዞረች።

«አንተስ ጓደኛው ነህ አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበርህ?»

«ቤት ተኝቼ።»

«ይህን ጨዋታ ታውቀዋለህ?»

«ድሮ፣ ተማሪ ሳለን እንጫወት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።»

ዝም አለች። የሀብተሚካኤል ጆሮዎች እንደ ፍም ጋሉ።

ለሳጅን አድማሴ ነገሩ ያለቀለት ነበር። ሟቹ ዘጠኝ ከዐሥር ላይ ሲጫወት ታይቷል፤ ከስምንት ተኩል ወዲህ የገባችው አንዲት ሴት ናት፤ እሷም «ተቆልፎ ነበር» ትላለች። «እየተጫወተ በሩን ከውጭ ማን ቆለፈበት? መልአክ?» አለና ያምሮትን ወደ መኪናው አስገባት።

«ሀብቴ» አለች በመስኮቱ፣ «አንተ ታውቀኛለህ፤ ንገራቸው እንጂ!»

ሀብተሚካኤል አፉን ከፈተ። የዚያን ሁሉ ሰው ዓይን አየና አንገቱን ደፋ። ነገ እናገራለሁ አለ በልቡ፤ ይጣራል፤ ንጹሕ ሰው ይለቀቃል፤ እኔ ሳልዋረድም ይለቀቃል።

የቀብሩ ዕለት፣ እሑድ፣ ቡሬ አጠገብ ባለው በእነ ናሁሰናይ ደብር አገሩ ተሰበሰበ። ታላቅ ወንድሙ ደረሰ ድምፁ እስኪዘጋ አለቀሰ። ከቀብር መልስ እናኑ አጥሩ ጥግ አነጋገረችው።

«በመጨረሻ መቼ ተገናኛችሁ፣ አቶ ደረሰ?»

«በዚያው ቅዳሜ፣ እመቤቴ። ስድስት ተኩል ላይ ደርሼ ሻይ አፍልቶልኝ ጠጣን። ሰባት ሰዓት ላይ ደህና ዋል ብዬው ተነሣሁ። ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ የጎረቤት ተዝካር ላይ ነበርሁ፤ እስኪመሽ አልተነሣሁም። አርባ ሰው ይመስክር።»

«ያምሮት እንደነገረችኝ ዛሬ ማኅበራችሁ ነበር። ናሁሰናይም የአባታችሁን መሬት ነገር በማኅበርተኛው ፊት ሊያነሣ አስቦ ነበር።»

«የልጅ ወሬ ነው» አለ ደረሰ፣ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ። «የይዞታ ደብተሩ በስሜ ይውጣ እንጂ መሬቱ የሁለታችንም ነበር።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንዱን ዘመዱን ተጣራ። «ዓለምብርሃን! ሞተሯን አደራ፣ ዓይንህን እንዳትነቅል!»

ሞተር ሳይክሉ አጥሩ ሥር ቆሟል። በጎማው ውስጥ ወፍራም ሰንሰለት ተላልፏል፤ የሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች በጨርቅ ቁራጭ ታስረዋል። እናኑ መነጽሯን አደረገች፤ አየች፤ አወለቀች። ሀብተሚካኤል ይህን ሁሉ አየ፤ ያየውን ግን አላስተዋለም። እሱ የሚያስበው ስለ ራሱ ነበር።

ሰኞ ጧት ሻይ ቤት ጠራችው። የሙንዲርን ስልክ ይዛለች።

«እኔ ይህን ጨዋታ አላውቅም። አስተምረኝ» አለችው። «እንዴት እንደሚኬድ ብቻ። ይኸው ከተማው፤ እስቲ አውጥተህ ጫካውን አሳየኝ።»

ሀብተሚካኤል ስልኩን ተቀበለ። ጣቶቹ ከእሱ ይልቅ ያውቁ ነበር። የሙንዲርን ትንሽ ጀግና ወደ ደቡብ አዞረ፣ በዓሣ ገበያው አሳለፈ፣ ከወደቡ ጀልባ ላይ አወጣ፣ ወንዙን ተሻግሮ ጫካው ዳር አወረደው።

«ጎበዝ!» አለች። «ያ በፎቶው ላይ ያለው ግንብስ ምንድን ነው?»

«እሱማ የምሥራቅ በር የነበረበት ነው። ድሮ ሰው ሁሉ በዚያ ነበር የሚወጣው። ጨዋታውን ካደሱት ወዲህ…»

አረፍተ ነገሩ አፉ ውስጥ ቀረ። እናኑ ስልኩን ከእጁ ወሰደች። ሻዩ በረደ።

«ነገ አራት ሰዓት ላይ ደረጃው ጋ ና» ብላው ተነሣች።

በዚያን ቀን ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሦስት ጊዜ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰ። በሦስተኛው የያምሮትን እናት እማዋይሽን በሩ ላይ አገኛቸው። ከጅጋ የመጡ ናቸው፤ በአገልግል ምግብ ይዘዋል።

«አንተ ሚዜው አይደለህ?» አሉት ትከሻውን ይዘው። «ልትጠይቃት መጣህ? እግዚአብሔር ይስጥህ። ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው።»

ሀብተሚካኤል እጃቸውን ስሞ፣ መሬት ብትውጠው እየወደደ፣ ሳይገባ ተመለሰ።

ማክሰኞ በአራት ሰዓት ሁሉም መተላለፊያው ውስጥ ነበሩ። ኡምሀኒ መቀስ በአንገቷ እንዳንጠለጠለች መጥታለች፤ ሙንዲር ጥፍሩን ይበላል፤ ደረሰ በጋቢው ተሸፋፍኖ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ያምሮት በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች፤ ቅዳሜ የለበሰችው ልብስ ላይዋ ላይ ነው።

«ሳጅን» አለች እናኑ፣ «ሙንዲር ናሁሰናይን አይቷል?»

«እንዴታ! ዘጠኝ ከዐሥር ላይ።»

«ናሁሰናይን አላየም። ያየው መብረቁን ነው። እኛም ፈረሱን አይተን ባለቤቱ ላዩ ላይ አለ አልን። ሙንዲር፣ ያ ግንብ በሩ የተዘጋው መቼ ነው?»

«ሁለት ዓመት አለፈው። እኔ ስጀምር በር አልነበረውም። በጀልባ መውጣትን ያሳየኝ ራሱ ናሁ ነው።»

«ናሁሰናይ በዚህ መሐል ጨዋታውን አቋርጦ ያውቃል?»

«ኧረ የለም! የስልክ ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ እንኳ እሱ የሱቁ የገመድ መስመር ነበረው። አንድ ቀን አልቀረም።»

«እንግዲያው ዘወትር በጀልባ የሚወጣ ሰው፣ ለሌላ እያስተማረ፣ ቅዳሜ ዕለት ምን ነክቶት ግንብ ይገፋል?» መለስ ብላ ሁሉንም አየች። «አይገፋም። የሚገፋው ከብዙ ዓመት በኋላ የተመለሰ ሰው ነው። በልቡ የያዘው የድሮውን ከተማ ነው፤ በሩን ያጣ ይመስለዋል፤ እዚያው ይታገላል። መብረቁን ይዞ የነበረው እንዲህ ያለ ሰው ነው።»

«ማን?» አለች ያምሮት።

«የድሮውን ከተማ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ‹ከተማሪነቴ ወዲህ ነክቼው አላውቅም› አለኝ። እውነቱን ቢሆን ትናንት ስልክ ስሰጠው ቀጥ ብሎ ወደ ግንቡ በሄደ ነበር። እሱ ግን ዘወር ብሎ ሳያየው ወደ ጀልባው ሄደ። ግንቡን አንድ ጊዜ ገፍቶ የተማረ ሰው ዳግመኛ አይገፋውም። ስሙን ልጠራው እችላለሁ። ራሱ ቢናገር ግን ለእሱ ይሻለዋል።»

ዝም አለች።

የኡምሀኒ መቀስ ከአንገቷ ሐብል ጋር ሲጋጭ ይሰማ ነበር። ሀብተሚካኤል የያምሮትን ጫማ እያየ ተናገረ።

«እኔ ነኝ። ከተመለስሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። የእኔን ጀግና ብዙ ዘመን አልገባህም ብለው አጥፍተውታል። ከአንድ ጀምር አሉኝ፤ ከከተማው ሳትወጣ አይጥ ግደል አሉኝ። አንድም የማውቀው ሰው የለም፤ የድሮው ገበያ ወንዝ ሆኗል። ለናሁ ተመልሻለሁ ማለት አፈርሁ። የሱ ይለፍ ቃል ድሮ አብረን ያወጣነው የሁለታችን ስም ነው፤ ሳይቀይረው ቆየ። ቅዳሜ… ለአንዲት ሰዓት እሱን ልሁን ብዬ ገባሁ። ባለቤቱ በስልኩ ሲገባ ሌላውን ያስወጣዋል። አሁን ያባርረኛል፣ አሁን ያባርረኛል እያልሁ ስፈራ ቆየሁ። አላባረረኝም፤ በሩን ሳጣ እኔው መብረቁን ትቼ ወጣሁ፤ ጀልባውን ያገኘሁት በኋላ በራሴ ጀግና ነው። ናሁ አይቶ የተወልኝ መሰለኝ።»

«ሊያባርርህ አይችልም ነበር» አለች እናኑ በቀስታ። «ያን ጊዜ እዚህ ወድቋል።»

«ሦስት ቀን፣ ሀብቴ» አለች ያምሮት።

እናኑ ወደ ደረጃው ዞረች። «ዘጠኝ ከዐሥር ላይ በሕይወት ነበር የሚለው ከወደቀ፣ ያምሮት ስትመጣ በሩ ተቆልፎ እንደነበር ማመን እንችላለን። የገደለው ሰው ኡምሀኒ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ገብቶ ወጥቷል። ከዚያ በፊት መግባቱን ያመነ አንድ ሰው ነው። ለመቆለፍ አስቦ አልመጣም፤ በእጁ የነበረውን ጓጉንቸር ቆልፎበት ሄደ። አቶ ደረሰ፣ ለሞተርዎ ይህን የሚያህል ሰንሰለት ገዝተው በጨርቅ የሚያስሩት ለምንድን ነው?»

«ጠፋብኝ… ጓጉንቸሩ።»

«እኔ ጋ ነው።» ከቦርሳዋ የተቆረጠውን አወጣች። «መክፈቻዎቹን ያቀብሉኝ።»

ደረሰ አልተነቃነቀም። ሳጅን አድማሴ መክፈቻዎቹን ከደረሰ ኪስ አውጥቶ ሰጣት። ሁለተኛው ገባ፤ ዞረ፤ ጓጉንቸሩ ቀጭ አለ።

«ልገድለው አይደለም» አለ ደረሰ፣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ። «በማኅበር ፊት አታዋርደኝ ብዬ ለመንሁት። አባቴ የተቀመጠበት ቦታ ነው የምቀመጠው፤ ‹የወንድሙን መሬት የበላ› ሲሉኝ እንዴት ልቀመጥ? ሊሸኘኝ እየወረደ ‹እሑድ በሰው ፊት ትመልስልኛለህ› አለኝ። ደረቱን ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት…»

ፖሊሶቹ ደረሰን ወሰዱት። ሀብተሚካኤል ቆሞ ቀረ።

«እኔንስ አትወስዱኝም?»

«ለሐሰት ቃልህ ነገ ቀርበህ ትጠየቃለህ» አለች እናኑ መነጽሯን እያወለቀች። «ለገዳዩ ሁለት ሰዓት ሰጠኸው፤ ከዚች ልጅ ሦስት ቀን ወሰድህ። ለዚህኛው አንቀጽ የለኝም።»

መተላለፊያው ባዶ ሲሆን ያምሮት ከእናቷ ክንድ ወጥታ ወደ እሱ መጣች። ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ተመኘም።

«አሁንም እዚያ ቆሟል?» አለችው።

«ማን?»

«የናሁ ሰው። ግንቡ ጋ?»

«አዎ። እዚያው ነው የተውሁት።»

«ቤት ነበረው። አሳይቶኛል፤ ከወንዙ ማዶ። አውጣው።»

ስልኩን አወጣ። የይለፍ ቃሉን፣ የራሱንና የናሁን ስም፣ ጻፈ፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። መብረቁ ግንባሩን ወደ ድንጋዩ አድርጎ ቆሟል። ሀብተሚካኤል አዞረው፤ በዓሣ ገበያው አሳለፈው፤ ጀልባው ላይ አወጣው። ያምሮት ከትከሻው በላይ ታያለች። ከወንዙ ማዶ ትንሽ የድንጋይ ቤት ነበረች፤ በሯ ላይ ሁለት ስም ተጽፏል፣ የናሁና የያምሮት።

ጀግናው ገባ። በሩ ተዘጋ።

«በቃ» አለች ያምሮት። «አሁን ውጣለት።»

ወጣ። ቀና ሲል እሷ መንገዱን ተሻግራ ነበር፤ ኡምሀኒ የሠርጉን ቀሚስ ከመስቀያው አውርዳ፣ ለማን እንደምትሰጠው ሳታውቅ፣ በሁለት እጇ ታቅፋው ቆማለች።