የጨለማው እርከን

በ2003 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የፊዚክስ መምህሩ የናትናኤል ሬሳ ከጉደር በላይ ባለው ገደል ግርጌ ተገኘ። ካሜራው ከገደሉ አናት፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ እንደተተከለ ነበር። አርብ ማታ ኮከብ በፎቶ ሊያነሳ ወጥቶ ነበር። ሬሳና ድሃ አንድ ቦታ ሲገኙ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አይኬድምና፣ ኢንስፔክተር ድንቅቱ የታንከሩን ጥበቃ ኦቦ ጀቤሳን አሰረች።

«ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሞተር ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ዋቃ ምስክሬ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ማንም አላመናቸውም። ሁለት ሳምንት ታስረው ሰነበቱ፤ ዓቃቤ ሕግም በነፍስ ግድያ ሊከሳቸው ተዘጋጀ።

ድንቅቱን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳት። የካሜራውን የመጨረሻ ፎቶ ለፖሊስ ያተመው የአምቦው ፎቶ ቤት ባለቤት ባይሳ ነበር፤ የፖሊስ ፎቶ ሁሉ የሚታተመው እሱ ዘንድ ነው። በወረቀቱ ላይ ሰማዩ ግራጫ ሆኖ፣ እንደ ተራራ እርሻ በእርከን በእርከን ተቆራርጧል። ይዛው ወደ ሟቹ የሥራ ባልደረባ ወደ መምህርት ለንሳ ሄደች።

«ሰማይ እንዲህ ይደረደራል እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም! ካሜራው በጥቁርና በነጭ መካከል ከአሥራ ስድስት ሺህ በላይ ደረጃ ይለያል። የባይሳ አሮጌ ፕሮግራም የሚያውቀው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ብቻ ነው። ጨለማው ጥቂት ደረጃ ላይ ይታጨቅና፣ በኃይል ሲያበሩት እንዲህ ይሰባበራል።»

«ባያበሩትስ?»

«ድፍን ጥቁር ይሆን ነበር።»

ድንቅቱ ወረቀቱን አጠፈች። «ናትናኤልና ባይሳ ይስማሙ ነበር?»

የለንሳ ዓይን እንባ አቀረረ። «ባይሳ የናትናኤልን ፎቶዎች በራሱ ስም አዲስ አበባ ለኤግዚቢሽን ልኮ ተመረጡለት። ናትናኤል ሰኞ ሄዶ ሊያጋልጠው ነበር።»

በማግስቱ ቅዳሜ ባይሳን፣ ለንሳንና ኦቦ ጀቤሳን ጉደር ፖሊስ ጣቢያ ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ባይሳ፣ ያን ዕለት ማታ የት ነበሩ?»

«እንጭኒ ከተማ ነበርኩ አልኩ እኮ! ሞተሬ ተበላሽታ እዚያው አደርኩ።»

«ፎቶውን እንዴት እንዲያትሙት ነበር ያዘዝንዎት?»

«እንዳለ።»

«ታዲያ ለምን አበሩት?»

ባይሳ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የሚጠቅማችሁ ነገር ካለ ብዬ ነዋ። ምንም የለበትም።»

«ጨለማው ውስጥ ምን እንዳለ እኛ እንኳ አላሰብንም ነበር። እርስዎን ግን አስጨንቆዎታል። ፕሮግራምዎ ባዶ ሲያሳይዎት አመኑትና ፎቶው ያለበትን የካሜራውን ካርድ ሳይነኩ መለሱልን። እርከኖቹ የፕሮግራሙ እንጂ የካሜራው አይደሉም፤ ካርዱ ላይ ሁሉም እንዳለ አለ።»

ለንሳ ዋናውን ፎቶ ደረጃውን ሁሉ በሚያውቅ አዲስ ፕሮግራም ከፍታ ቀስ እያለች አበራችው። መጀመሪያ ድንጋዩ ወጣ፣ ከዚያ ሣሩ። ከታንከሩ ሥር አንዲት ሞተር ቆማለች፤ ከኋላዋ የባይሳ ፎቶ ቤት የመብራት ነጭ ጃንጥላ ታስሯል።

«ካሜራው ለአራት ደቂቃ ተከፍቶ ነበር» አለች ለንሳ። «የሚንቀሳቀስ ሰው አይወጣም፤ የቆመ ነገር ግን ይቀራል። ሰዓቱም ሦስት ከአምስት ይላል።»

«እንጭኒ ተበላሽታ ያደረችው ሞተር ይቺ ናት?» አለች ድንቅቱ።

ባይሳ ፊቱን ከፎቶው አዞረ። «ስሜን እንዳያጠፋው ለመንኩት። እምቢ ሲለኝ ገፋሁት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ድንቅቱ ወደ ሽማግሌው ዞረች። አፈረች። «ኦቦ ጀቤሳ፣ በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። መኪና ቤትዎ ያድርስዎ።»

«መኪና አልፈልግም። እጄን አስረሽ በገበያ መሀል ነው ያመጣሽኝ፤ ዛሬም ገበያ ነው። አብረሽኝ በዚያው ሂጂ፣ ሰዉ ይየን።»

ቆቧን አድርጋ ከጎናቸው ሄደች። ኦቦ ጀቤሳ እያንዳንዱን ነጋዴ በስሙ እየጠሩ «አካም ጅርታ?» እያሉ ሰላምታ ሰጡ። ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጡ፣ ሰዉ አሁንም በነፍሰ ገዳይ ዓይን እያያቸው፣ ሰላምታቸውን የመለሱላቸው ሦስት ሰዎች አይሞሉም።